እንዳይመስል አድርገህ ሥራው

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሲሚንቶ አቡክቼ የሞተ ሰው የምሠራ ሰው ነኝ። ሙያዬን ስናገር ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ለምጄዋለሁ። አምቦ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ትንሽ ግቢ ተከራይቼ፣ ከቤተሰብ ፎቶ እየተቀበልኩ መቃብር ላይ የሚቆም ሐውልት እሠራለሁ። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ባለው መንገድ ስታልፉ ፈረስ ላይ የተቀመጠ አባወራ ወይም ነጠላ ያጣፉ እናት መቃብር ላይ ቆመው ካያችሁ የኔ እጅ ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር ሲገጥመኝ ሠላሳ ዓመት ገና ማለፌ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ ነው የተመለስኩት። አብረውኝ የተማሩት ኤግዚቢሽን ሲከፍቱ እኔ የሰው አያት ላይ የሲሚንቶ ባርኔጣ እደፋ ነበር፤ ይህ ያንገበግበኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሙታኖቼ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ነበር የሚመስሉት። አንድ ዓይነት አፍንጫ፣ አንድ ዓይነት ከንፈር፣ አንድ ዓይነት የፈዘዘ ዓይን። ደንበኛ ግን ቅር አይለውም። ፈረሱ በደንብ መጫኑን፣ ካባው ወርቃማ ቀለም መቀባቱን ያይና «አባቴ! አባቴ!» ብሎ ያለቅሳል፤ እኔ አባትየውን ባለፈው ወር ከሠራሁት ሰውዬ መለየት ያቅተኛል። በልቤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ መንገደኛ ቆሞ የሚያፈጥበት ፊት ልሥራ እያልኩ እመኝ ነበር።

አንድ የጥቅምት ጠዋት አንድ ሽማግሌ ግቢዬ ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ። ከጌዶ አለፍ ብሎ ወደ እጃጂ በሚወስደው አስፋልት ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከብትም ይነግዳሉ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ የተማሪ መታወቂያ አወጡ። ፎቶው ላይ አንድ ወጣት ካሜራውን እንደ ተቆጣ ሰው ያያል።

«ልጄ ነው። ለሜሳ ይባላል» አሉ። «በሙሉ ቁመቱ ሥራልኝ።»

«ፈረስ ላይ ይሁን?»

«ለሜሳ ፈረስ አያውቅም። ቆሞ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ኤዬ» አሉ፣ አዎ ለማለት፤ መሬት መሬት እያዩ።

ሐውልት ከባድ ስለሆነ የሚሠራው እዚያው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። በሳምንቱ ፌሮዬን፣ ሽቦዬንና ሲሚንቶ መለጠፊያ ካዞላዬን አይሱዙ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ሥራው እስኪያልቅ እነሱ ቤት ማደር ነበረብኝ። መሠረቱን ልቆፍር አካፋዬን አንስቼ የት እንዳረፈ ስጠይቃቸው ኦቦ ቶሎሳ በከዘራቸው የማሳቸውን ጫፍ ነኩ። አስፋልቱ ዳር ያለ ሣር ነው። መስቀል የለበትም፣ የተቆፈረም አይመስልም።

«ከዚህ ሥር ነው?» አልኩ።

«ከሥሩ ማንም የለም» አሉ።

ነገሩን ያወጉኝ ያን ጊዜ ነው። ለሜሳ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ከቤት ወጣ። ወሬው ጠፋ። ከወራት በኋላ ከማያውቁት የውጭ ቁጥር ስልክ ተደወለ፤ አብሮት የወጣ ልጅ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ነፋስ ይገባበታል። ባልና ሚስቱ ስልኩን መሃላቸው ይዘው ጆሯቸውን ገጥመው አዳመጡ። ልጁ ስለ ለሜሳ አንድ ቃል ተናገረና መስመሩ ተቋረጠ። መልሰው ቢደውሉ ቁጥሩ አይሠራም። ከዚያም ወዲያ ሠርቶ አያውቅም።

«‹ዱኤ› ነው ያለው» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ።

ሞተ ማለት ነው። ባለቤታቸው አዴ ድንቄ ግን በዚያው ስልክ፣ በዚያው ሰዓት የሰሙት «ዱፌ» የሚል ነው። መጣ ማለት ነው፤ ወዳለሁበት መጣ፣ ደረሰ። በአማርኛ ፊደል ስጽፈው ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ሰው ፊት ለፊት ሲናገር ሁለቱ ቃላት አይምታቱም፤ መነሻ ድምፃቸውም አንድ አይደለም። በዚያ ስልክ ግን ተምታተዋል፣ ሦስተኛ ሰሚም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸውን ተላጭተው ጥቁር ለበሱ። አዴ ድንቄ ጥቁር አልነካም አሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ጎረቤት «ማን ሞተብኝና ነው?» ብለው ከደጅ መለሱት። ካህናቱም እናትየው በሕይወት አለ እያሉ፣ አስከሬን በሌለበት ፍትሐት አናደርግም አሉ።

«ሰው የሞተበት ሰው የሚሄድበት ቦታ አለው» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ። «ሄዶ ያለቅሳል፣ ይመለሳል። እኔ የት ልሂድ? ለዚህ ነው ያስመጣሁህ።»

መሠረቱን ስጥል አዴ ድንቄ ቀርበው አላናገሩኝም። ምግቤ በሰዓቱ ይመጣል፤ ያስቀምጡልኝና ቀና ብለው ሳያዩኝ ይመለሳሉ። ፌሮውን እያጎበጥኩ የእግሩንና የወገቡን አጥንት ሳስር ግን መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ኦጌሳ» አሉኝ። ባለሙያ ማለት ነው፤ እዚያ አካባቢ የምጠራው እንደዚያ ነው። «አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ይዘዙኝ አዴ።»

«ጌዶ መቃብር ላይ የሠራሃቸውን አይቻለሁ።»

ሊያሞግሱኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

«አንዳቸውም የሞተውን ሰውዬ አይመስሉም» አሉ። «የኔንም እንደዚያ አድርግልኝ። ማሎ፣ እባክህ፣ ልጄን እንዳይመስል አድርገህ ሥራው።»

በሙያዬ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ይህ ይበልጣል። እሳቸው ግን መሳደባቸው አልነበረም፤ ሁለት እጄን ይዘው ነው የሚለምኑኝ።

«ቶሎሳ ድንጋይ ማቆም ካማረው ያቁም። የማንም ድንጋይ ይሁን። ለሜሳን ከመሰለ ግን ሟርት ነው። በሕይወት ያለ ሰው መቃብር ላይ ይቆማል እንዴ? እጅህ ገደለብኝ ማለት ነው።»

«እሺ አዴ፣ አይመስልም» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ማስመሰል አለመቻሌ ለአንድ ሰው ከጠቀመ ምን ከፋኝ ብዬ አሰብኩ።

ቃሌን ሲሰሙ ቀለል አላቸው። ፌሮ ክምሩ ላይ ቁጭ ብለው ስለ ልጃቸው ያወሩኝ ጀመር።

«ፎቶውም ቢሆን እሱን አይመስልም» አሉ። «እዚያ ላይ ተቆጥቷል። ለሜሳ መቼ ይቆጣል? ሳቁ ሲመጣ አባቱ እንዳይሰማው የታች ከንፈሩን ይነክሳል። እንዲህ። አፉን ቢይዘውም ዓይኑ ያጋልጠዋል። ሕፃን ሆኖ ታሞ በግራ ጆሮው ደህና አይሰማም፤ ስለዚህ ሲያናግሩት አንገቱን እንዲህ ዘንበል አድርጎ የቀኙን ይሰጣል። ሰው ግን የተቀናጣ ይመስለዋል።»

ይነክሳል፣ ይሰጣል እንጂ ይነክስ ነበር፣ ይሰጥ ነበር አላሉም። በሕይወት መኖሩን ሊያስረዱኝ ነው ያን ሁሉ የነገሩኝ። እያወሩ ራሳቸው ከንፈራቸውን ነከሱ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። እኔም ሽቦውን መጠምዘዝ ትቼ አያቸው ነበር።

እግሩ ቆመ፣ ጃኬቱ ተለበጠ፣ እጆቹ ወጡ። ለመጨረሻ የሚቀረኝ ሁልጊዜ ፊት ነው። የሲሚንቶ ፊት ጊዜ አይሰጥም፤ ሳይደርቅ በአንድ ትንፋሽ ካልጨረሱት ከዚያ በኋላ በመሮ መፈልፈል ነው። ፊቱን የጀመርኩ ዕለት ኦቦ ቶሎሳ ጌዶ ገበያ ወርደዋል፣ አዴ ድንቄ ወፍጮ ቤት ሄደዋል። ብቻዬን ነበርኩ።

የለመድኩትን አፍንጫ ለጠፍኩ። አስጠላኝ። አነሳሁት። ሌላ ሠራሁ። ከንፈሩ ጋ ስደርስ አዴ ድንቄ የነከሱት ከንፈር ፊቴ መጣ። በማንኪያ እጀታ የታችኛውን ከንፈር ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩት፤ ጉንጩ በዚያው ተነሳ። ጉንጩ ሲነሳ ዓይኑ መጥበብ ነበረበት፣ አጠበብኩት። አንገቱን ላዘነብለው ስል ገና ፌሮውን ሳስር ዘንበል አድርጌው ኖሯል። መቼ እንዳደረግኩት አላውቅም።

እጄ አልታዘዝ አለኝ ብላችሁ ውሸቴን ነው። እጄ ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም።

ስጨርስ ወደ ኋላዬ ሄጄ አስፋልቱ ላይ ቆምኩ። ሳቁን የሚታገል ወጣት ቀኝ ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማኛል። ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ መንገዱ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ፊት ያው መጣ። ከዚያ አዴ ድንቄ ትዝ አሉኝ። ካዞላዬን ይዤ ተመለስኩ። ፊቱ ገና ለስላሳ ነው፤ አንድ ጊዜ ጠረግ ባደርገው ማንንም አይመስልም። ካዞላውን አነሳሁ። አወረድኩት። እንደገና አነሳሁ። እንዲህ እያልኩ ሲሚንቶው እስኪይዝ ድረስ ፊቱ ቆሜ ቀረሁ።

ኦቦ ቶሎሳ ከገበያ ሲመለሱ እዚያው ነበርኩ። ከባጃጅ ወርደው ወደ ሐውልቱ መጡና ድንገት ቆሙ። ምርቃት እየጠበቅኩ ነበር።

«አይመስልም» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ልጄን አይመስልም። ሸፍነው።»

ገበሬ ስለ ጥበብ ምን ያውቃል እስከማለት ደረስኩ፤ በአፌ ሳይሆን በሆዴ። ሲሚንቶው እንዳይሰነጠቅ ጆንያ አርጥቤ ጭንቅላቱን ሸፈንኩና ተከትያቸው ገባሁ።

እራት ላይ አዴ ድንቄ ባላቸውን ጠየቁ። «እንዴት ሆነ?»

«ላኪ፣ ተይው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ከገበታው ቀና ሳይሉ። «አይመስልም።»

አዴ ድንቄ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ምስጋና እስካሁን መርሳት አልቻልኩም። ከድስቱ የቀረውን ወጥ ሁሉ እኔ ፊት ገለበጡልኝ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉኝ።

አፌን ልከፍት ስል ኦቦ ቶሎሳ አዩኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም እንጂ ዝም በል የሚል አስተያየት ነበር። አንገቴን ደፍቼ ወጡን በላሁ።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጩኸት ነው። «ያ ኢልማ ኮ! ያ ኢልማ ኮ!» ልጄን ልጄን ማለት ነው። በባዶ እግሬ ወጣሁ። ጆንያው መሬት ላይ ወድቋል። አዴ ድንቄ የሐውልቱን ጉልበት አቅፈው ግንባራቸውን ጃኬቱ ላይ ይመታሉ። ጩኸታቸው እንደ ሰው ጩኸት አልነበረም።

ውሃ ልትቀዳ የወጣች ጎረቤታቸው ሁሉንም አይታለች። አዴ ድንቄ ላሞቹን ነድተው ወጡ አለችኝ፤ ተረጋግተው ነበር፣ የማንም ያልሆነ ድንጋይ ሊያዩ ነው የሄዱት። ጆንያውን ሲያነሱ ፈገግ አሉ። ከዚያ በቀኝ ጆሮው በኩል ዞሩና «ለሜሳ» ብለው ጠሩት። ጠርተው ጠበቁ። ሲጠብቁ ቆዩ። የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ከደጅ ሲመለስ የከረመ ለቅሶ በአንድ ጠዋት መጣ። ሴቶቹ መቀነታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን እየደቁ ከየአቅጣጫው ወረዱ። እድሩ ድንኳን ጣለ፤ እኔም ሌላ የምይዘው ስላጣሁ ቋሚ ይዤ ቆምኩ። አልቅሶ የደከመው ሰው ሐውልቱን ቀና ብሎ ሲያይ እንደ አዲስ ይጀምራል። አብሮት የተማረ አንድ ወጣት እጄን ጨብጦ «ኦጌሳ፣ እጅህ አይጥፋ፤ ራሱን አመጣኸው» አለኝ። ሕይወቴን ሙሉ ልሰማው የፈለግኩት ቃል ነበር። እጄን ከእጁ አውጥቼ ከድንኳኑ ወጣሁ።

ኦቦ ቶሎሳ ድንኳኑ ውስጥ አልነበሩም። ሳፈላልግ ከቤቱ ጀርባ፣ ከብቶቹ በወጡበት በረት ውስጥ፣ ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አያለቅሱም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«መስሎ ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አይመስልም አሉ?»

«እሷ እንዳታየው።»

«ያሠሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ሞቷል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«እኔ ሞተ የምለው እሷ መጣ ስለምትል ነበር» አሉ። «እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ግን የሷ ጆሮ ከኔ ይሻላል። ማታ ማታ እኔ ሞተ እላለሁ፣ እሷ መጣ ትላለች፣ ትሰድበኛለች፣ ከዚያ እንተኛለን። ስትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።» ከዘራቸውን አዙረው አዩት። «እንግዲህ እሷም ሞተ አለች። አሁን ማን መጣ ይበልልኝ?»

እንባቸው ያን ጊዜ መጣ። ካወቅኳቸው ጀምሮ ጥቁር እንደለበሱ ነው፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሠልስቱ ሲወጣ ዕቃዬን ሰብስቤ አምቦ ተመለስኩ። ለወራት ካዞላ አልነካሁም፤ የሱቅ ታፔላ እየጻፍኩ ኖርኩ። በልግ አልፎ ክረምቱ ሊገባ ሲል ኦቦ ቶሎሳ ደወሉ።

«ና አፍርስልኝ» አሉ። «እኔ እጄ እንቢ አለኝ። ድንቄ ውላ የምትገባው እሱ ሥር ነው። እህል አትቀምስም።»

ትልቁን መዶሻ ይዤ ሄድኩ። አዴ ድንቄ ጥቁር ለብሰው፣ ግማሽ ሆነው፣ ሐውልቱ ፊት ቆመው ጠበቁኝ። ኦቦ ቶሎሳ አጥሩ ጋ ናቸው።

«ልታፈርሰው ነው?» አሉኝ አዴ ድንቄ።

«ኦቦ ቶሎሳ ናቸው የጠሩኝ።»

«ከማፍረስህ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለም። ስትሠራው አንተ ነህ አብረኸው የነበርከው። ሙት ነበር ወይስ ሕያው?»

ስለ ሥራዬ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። ስንት ቀን ይፈጃል፣ ዝናብ ይችላል ወይ፣ ቀለሙ ይለቃል ወይ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ላጽናናቸው ብዬ የምለውን ፈለግኩ፣ ከዚያ ማጽናናቱን ተውኩት። ያን ቀን ከሰዓት አስፋልቱ ላይ ቆሜ ያየሁትን ብቻ አሰብኩ።

«ሕያው ነበር» አልኩ። «እርስዎ የነገሩኝን ነው የሠራሁት አዴ። እርስዎ ደግሞ የሞተ ሰው አልነገሩኝም።»

ዞረው የልጁን ፊት ቀና ብለው አዩ።

«እንግዲያው ተወው» አሉ።

ኦቦ ቶሎሳ ከአጥሩ መጥተው መዶሻውን ከእጄ ወሰዱና መሬት ላይ አስቀመጡት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ ፈረስ ላይ ይሁን ወይስ ቆሞ ብዬ አልጀምርም። በየቀኑ የሚያየው ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ሰምቼ አልሠራም ያልኩበት ጊዜ አለ። ሰው እብሪት ይመስለዋል። እንደዚያ ያለ ፊት ዳግመኛ አልሞከርክም ወይ ብትሉኝ ሞክሬያለሁ። እያፈርኩም ቢሆን ሞክሬያለሁ፤ አልመጣም። ለዚያች ሴት የሰጠሁት መልስ እውነት ይሁን ጭካኔ እስከዛሬ አልለየሁትም። እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አስቡበት እንጂ እንዲሁ በችኮላ አትመልሱ።

ሐውልቱ ዛሬም አለ። በዚያ መስመር ስትሄዱ፣ ጌዶን አልፋችሁ ትንሽ እንደተጓዛችሁ ታገኙታላችሁ። መንገዱን የማያውቅ ሾፌር መኪና የሚጠብቅ ተሳፋሪ ይመስለውና ፍሬን ይይዛል። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ባኮ! ነቀምቴ! ና ግባ!» ይለዋል። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ያየዋል። ረዳቱ አፍሮ በሩን ሲዘጋ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ይስቃል፣ መኪናው ይሄዳል። አዴ ድንቄ ግን መኪና በቆመ ቁጥር ማን እንደወረደ ሊያዩ ከቤት ይወጣሉ።